መሪጌታ ዓለምብርሃን «የለኝም» ያሉ ዕለት

እኔ አመሉ ነኝ፤ ወረታ ውስጥ፣ ወደ ርብ በሚወስደው መንገድ ዳር ሳሙናና ዘይት የምሸጠው። ምላሷ ረጅም ነው ይሉኛል፤ ይበሉ። የመሪጌታ ዓለምብርሃንን ነገር ግን ከእኔ በላይ የሚያውቀው የለም፤ አጥር ለአጥር ነው የኖርነው። ሰዉ አሁን በየጠላ ቤቱ እየቆረጠ እየቀጠለ ሲያወራው እሰማለሁ። ኤድያ! እንደሱ አይደለም የሆነው።

መሪጌታን የማያውቅ ካለ ልንገረው። ሜዳው ላይ ካሉት ደብሮች በአንዱ ዜማ ያስተምራሉ። ረጅም ናቸው፣ ቀጭን፣ ነጠላቸው ሁልጊዜ እንደታጠበ ነው። ከእስቴ ወገን ገና ልጅ እያሉ መጥተው እዚሁ ቀሩ፤ ጎረቤቴን ትሁንን አገቡ፤ ርብ ዳር መሬት ያዙ፤ ልጆች ወለዱ። ትልልቆቹ እየተዳሩ ሲወጡ የመጨረሻዋ፣ ወለተ ሐና፣ ቤት ቀረች። እንግዲህ የእኚህ ሰው አመል ምን መሰላችሁ? «የለኝም» የሚባል ቃል ካፋቸው አይወጣም። ሱቄ በር ላይ ሲያልፉ «መሪጌታ፣ ዘይት ልስጥዎ?» እላቸዋለሁ። «ኧረ ቤት ሞልቷል» ይሉኛል። እሳቸው ጥግ ሳይዞሩ ትሁን በጓሮ በኩል ባዶ ጠርሙሷን ይዛ ትመጣለች።

ሠርግ ሲጠሩ ቤታቸው ያለችውን ቀማምሰው ነው የሚሄዱት፤ ሰው ፊት እንዳይርባቸው። ርብ ሞልቶ የሁላችንንም ማሳ ያጠበው ጊዜ ቀበሌው ዱቄት ሲያድል ስማቸው ተጠራ። «ለተቸገረ ስጡት» ብለው ጥለው ወጡ። የእሳቸው ማሳ ከሁሉም የባሰ ነበር፤ ሩዙ ላይ የተኛው አሸዋ እስካሁን አልተነሣም። እኛ ዱቄቱን ወስደን በላን። እሳቸው ምን እንደበሉ እግዜር ይወቀው። ኩራት ነው የሚሉ አሉ። ኩራት አይደለም፣ ሐፍረት ነው። ሰውየው ሌላው ሰው በስርቆት የሚያፍረውን ያህል በማጣት ያፍራሉ።

ወለተ ሐና ደግሞ ከልጅነቷ ሞተር ትወዳለች። እዚህ አገር የሩዝ መፈልፈያ በየመንደሩ ነው፤ ሲበላሽ ግን ጠጋኙ ከባሕር ዳር እስኪመጣ ሩዛችን ተቆልሎ ይጠብቃል። ይቺ ልጅ ከተማችን ካሉት ኮሌጆች በአንዱ የማሽን ጥገና ልማር ብላ ገባች። መሪጌታ መጀመሪያ «የመሪጌታ ልጅ ግራሶ ተቀብታ?» ብለው አኩርፈው ነበር። ኋላ ግን፣ እኔ በጆሮዬ ሰምቻለሁ፣ ከደብሩ አለቃ ጋር ቆመው «ልጄ እኮ ሞተር ፈትታ ትገጥማለች» ሲሉ ነበር። ፊታቸው እንዲያ ሲበራ አይቼ አላውቅም።

ምን ዋጋ አለው፣ መሃል ላይ ቆመች። የመመዝገቢያው፣ የልምምድ ዕቃው፣ የቱታው እየተባለ ክፍያው ከበዳቸው፤ ማሳው አሸዋ ለብሶ ከየት ይምጣ? አንድ ቀን ቤት ዋለች፣ በማግስቱም ዋለች፣ ከዚያ ወዲያ ቀረች። መሪጌታ ለጠየቃቸው ሁሉ «ትንሽ ትረፍ ብዬ ነው፤ ዓይኗን አሟት ነበር» አሉ። ዓይኗን! እኔ ቤት ቁጭ ብላ መንገድ ማዶ የሚያልፈውን የባጃጅ ሞተር ድምፅ ሰምታ የቱ ጋ እንደተበላሸ የምትናገር ልጅ፣ ታርጋውንም ከነቁጥሩ የምታነብ ልጅ ዓይኗን አሟት!

ዘንድሮ ነው እንግዲህ ተስፋ የመጣው። የከተማችን አስተዳደር ከኮሌጁ ጋር ሆኖ፣ ከውጭ ገንዘብ ለሚያመጣ አንድ ድርጅት ፕሮጀክት አቀረበ። ክፍያ ላቃታቸው ልጆች ድርጅቱ ይከፍላል፤ ልጆቹ እዚሁ መፈልፈያ ቤቶች ውስጥ ይለማመዳሉ፤ ሲጨርሱም ሥራ ይይዛሉ። ከተማው በበኩሉ የመለማመጃ ቦታ ሊሰጥና የመፈልፈያ ባለቤቶችን ሊያስማማ ቃል ገባ፤ ከንቲባው ሳይቀሩ ደግፈው ፈረሙበት። ግን ሌላም ከተማ አመልክቶ ነበር። የሚያልፈው አንዱ ነው ተባለ።

ነገሩን የያዘው እንዳልካቸው የሚባል የአስተዳደሩ ባለሙያ ነው፤ ከጎጃም ተዛውሮ የመጣ፣ እየቸኮለ የሚናገር፣ ልቡ ደግ ልጅ። የእድራችን ስብሰባ ላይ መጥቶ በግልጽ ነገረን። የድርጅቱ ሰዎች ልጅ በክፍያ ምክንያት ያቋረጠችባቸውን ጥቂት ቤቶች መጥተው በዓይናቸው ያያሉ፤ ከነዚያ ቤቶች አንዱ የመሪጌታ ነው፤ የወለተ ሐናን ስም የሰጠው አስተማሪዋ ነው።

«አደራችሁን» አለ እንዳልካቸው፣ «ቤቱን እንዳለ ተዉት። አታሰማምሩት። ያለውን ችግር ይዩት።»

«እሺ» አልን ሁላችንም። እሺ ማለት ምን ይከብዳል?

መሪጌታ በዕለቱ አልነበሩም። ትሁን ቤት ገብታ ስትነግራቸው ደግሞ ፈርታ ቆራርጣ ነገረቻቸው። «እንግዶች ሊመጡ ነው። ስለ ልጂቱ ትምህርት ይጠይቁናል» አለቻቸው፣ በቃ። መሪጌታ «እንግዳ ከመጣ ይምጣ፤ ቤት የእግዚአብሔር ነው» አሉ። የሰሙት «እንግዳ» የሚለውን ብቻ ነው።

የእድሩ ዕቃ ቤት ቁልፍ የሚቀመጠው እኔ ዘንድ ነው። በዋዜማው ትሁን መጣች፣ እጇን እያፍተለተለች።

«አመሉዬ፣ ብርጭቆና ሰሃን ብቻ ብታወጪልኝ። ፈረንጅም አለበት አሉ። በተሸረፈ ጣሳ ውኃ ልስጠው?»

«ያ ልጅ እንዳለ ተዉት አላለም እንዴ?» አልኳት።

«ብርጭቆ ምን አላት? ብርጭቆ እኮ ነው።»

አወጣሁላት። ብርጭቆው ሲደረደር ግን መደቡ አሳፈረን፤ አፈሩ የተፈረፈረ መደብ ላይ እንግዳ አይቀመጥም። ባየህ፣ የመፈልፈያው ባለቤት፣ ሶፋውን በጋሪ ላከ። ሶፋው ሲገባ ግድግዳው አስጠላ፤ አንዷ መጋረጃ፣ አንዷ ምንጣፍ አመጣች። ጥጉ ባዶ ነው ተብሎ የሩዝ ኩንታል ተደረደረበት። ቴሌቪዥንም መጣ። በመጨረሻ ግቢው ጭር አለ ብለው የባየህን ላም ከነጥጃዋ አምጥተው አሰሩ፤ የፎገራ ላም፣ ቁመናዋ ብቻ የሚያጠግብ። ሰፈሩ ሁሉ ሽር ጉድ ሲል ለሠርግ ይመስል ነበር። ክፋት አልነበረብንም። መሪጌታችን ሰው ፊት አይዋረዱብን ብለን ነው።

ወለተ ሐና በሩ ላይ ቆማ ታየናለች። በኋላ ክንዴን ያዘችኝ።

«እትዬ አመሉ፣ እነሱ እኮ ማጣታችንን ሊያዩ ነው የሚመጡት። ይሄን ካዩ እኔ መቼ ልማር ነው?»

«ዝም በይ አንቺ! ዕድሜ ልካቸውን ያልተዋረዱ አባትሽን በእንግዳ ፊት ልታዋርጃቸው ነው?» አልኳት። ይቺን ምላሴን በቆረጠልኝ። ልጂቱ ክንዴን ለቀቀችና ምንጣፉን ለመዘርጋት ጎንበስ አለች።

እንግዶቹ እኩለ ቀን ላይ መጡ። ሊድያ የምትባል ከአዲስ አበባ የመጣች ሴት ናት አለቃቸው፤ ትሑት፣ ጫማዋን በር ላይ ላወልቅ የምትል። አንድ ፈረንጅ አብሯት አለ። እንዳልካቸው ከኋላ ገባ፤ ሶፋውን አየ፣ ቴሌቪዥኑን አየ፣ ከዚያ ዞሮ እኔን አየኝ። እኔ ጣሪያውን ማየት ጀመርኩ።

ሰፈሩ ያዋጣው ዶሮ ቀረበ፤ ፈረንጁ እየደጋገመ በላ። ከተበላ በኋላ ሊድያ ወደ መሪጌታ ዞረች።

«አባቴ፣ ወለተ ሐና ትምህርቷን ያቋረጠችው ክፍያው አቅቷችሁ ነው ተብለን ነው የመጣነው። እውነት ነው?»

መሪጌታ ሳቅ አሉ። «ኧረ የኔ ልጅ! እግዚአብሔር ይመስገን፣ ምን ጎድሎብን? ቤቱን እያየሽው አይደል? ትንሽ ትረፍ ብዬ ነው።»

እንዳልካቸው ላብ አጠመቀው። «መሪጌታ፣ ማሳው እኮ ደለል ገብቶበት…»

«ደለል ለመሬት ጥሩ ነው» አሉት።

ሊድያ ወለተ ሐናን ጠየቀቻት። «አንቺስ እህቴ? ለምን ነው ያቋረጥሽው?»

ልጂቱ አባቷን አየች። እሳቸው አያዩዋትም፤ የባየህን ሶፋ መደገፊያ በመዳፋቸው ይጠርጋሉ።

«ደክሞኝ ነው» አለች። «ልረፍ ብዬ ነው።»

እንግዶቹ አመስግነው ወጡ። ግቢ ሲደርሱ ያቺ ላም ገመዷን በጥሳ፣ ጥጃዋን አስከትላ፣ መንገዱን ተሻግራ ወደ ባየህ ቤት ነጎደች። ፈረንጁ በጣቱ አሳየ። «ግጦሽ ልትወጣ ነው» አሉ መሪጌታ፣ ዓይናቸውን ሳያሹ። ሌላ ቀን ቢሆን በሳቅ በሞትኩ ነበር።

ለካስ የሌሎቹም ቤቶች ነገር ያው ነው። አንለይ የሚባል የሜዳው ገበሬ ቤት ፍሪጅ ገብቶ ነበር አሉ፤ መብራት የሌለበት ቤት! ሌላው ዘንድ ለእንግዶቹ በግ ታርዷል። ድርጅቱ «ችግሩ በቦታው አልታየንም» ብሎ ከተማችንን ወደ ኋላ አደረጋት። እንዳልካቸው ሱቄ መጥቶ የሳሙና ካርቶን ላይ ቁጭ አለና ራሱን በሁለት እጁ ያዘ።

«እትዬ አመሉ፣ ምን በደልኳችሁ? እኔ ይሄን ፕሮጀክት ስጽፍ ከረምኩ። ከንቲባው ስብሰባ አቋርጠው እየመጡ ነው ያገዙኝ። ልጆቹን እኮ በእጃችሁ አባረራችኋቸው!»

ውኃ ሰጠሁት፤ በእድሩ ብርጭቆ ነበር የሰጠሁት፣ እሱንም አፈርኩበት።

ሊድያ ግን ደግ ሰው ናት። አስተዳደሩ ደግማችሁ ስሙን ብሎ ሲለምን እሺ አለች። እንደገና ቤት ማየት ቀረ፤ ወላጆች የከተማው አዳራሽ ተሰብስበው በአንደበታቸው እንዲናገሩ ተባለ። በተለይ የታዩት የሦስቱ ቤቶች አባቶች፤ በአፋቸው የካዱትን በአፋቸው ካልመለሱ ድርጅቱ ምን ብሎ ይመን? እንዳልካቸው መሪጌታ ዘንድ ሄዶ ጉልበታቸውን ሊስም ምንም አልቀረው። እሳቸው «እናያለን ልጄ» ብለው ሸኙት። «እናያለን» ማለት እኛ አገር ምን እንደሆነ ታውቁታላችሁ።

ያን ሰሞን ነው ትሁን እያለቀሰች የመጣችብኝ። ወለተ ሐና ደላላ ማናገር ጀምራለች፤ ዓረብ አገር ልትሄድ።

«ነግረሻቸዋል?» አልኳት።

«ነገርኩት። ከዚያ ወዲህ ምግብ አልበላም።»

አዳራሹ የተጠራበት ቀን ሰው ግጥም ብሎ ሞላ። ባየህና የመፈልፈያ ባለቤቶቹ ፊት ለፊት፤ አስተማሪዎች፤ የየደብሩ ካህናት፤ የመሪጌታ የዜማ ተማሪዎች ሳይቀሩ ደበሏቸውን ለብሰው ከኋላ ቆመዋል። ማን ጠራቸው ብዬ ተናደድኩ። ወለተ ሐና ከእናቷ ጋር በሩ አጠገብ ተቀምጣለች፣ ነጠላዋን እስከ አፍንጫዋ ጠቅልላ።

አንለይን መጀመሪያ አስነሡት። ባርኔጣውን እያሻሸ «ያው… ዘንድሮ ትንሽ ጠበብ ብሎናል እንጂ ደህና ነን፤ ተመስገን» አለ። ሊድያ «ጠበብ ማለት እንዴት ነው? ልጅዎን ማስተማር ይችላሉ ወይስ አይችሉም?» አለችው። «እሱማ… ይቻላል፤ ሰው ከሞከረ ምን የማይቻል አለ?» ብሎ ተቀመጠ። ሁለተኛው ደግሞ ስለ ዝናቡ አውርቶ አውርቶ ተቀመጠ። ፈረንጁ ሰዓቱን አየ። እንዳልካቸው ግድግዳውን ተደግፎ ቆሟል፤ ፊቱ አመድ መስሏል።

«መሪጌታ ዓለምብርሃን» ተባለ።

ተነሡ። ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «እግዚአብሔር ይመስገን…» ብለው ጀመሩ። እንዳልካቸው ዓይኑን ጨፈነ። እኔም በልቤ በቃ፣ ይቺ ልጅ ሄደች አልኩ። መሪጌታ ግን እዚያ ላይ ቆሙ። ሰው መተያየት ጀመረ፣ አንዱ አሳለ። ከዚያ እጃቸው ወደ ራሳቸው ሄደና ጥምጣማቸውን ፈቱ። ይህን ሁሉ ዘመን ጎረቤት ሆኜ ራሳቸውን ገልጠው አይቻቸው አላውቅም፤ ፀጉራቸው ሳስቶ ነጭ ሆኗል። ጥምጣሙን ደረታቸው ላይ ያዙና፣ ራሳቸውን ዘንበል አድርገው፣ እንዲህ አሉ፤

«በእንተ ስማ ለማርያም።»

ይህን ጥሪ የማናውቅ አለን? የቆሎ ተማሪ አኩፋዳውን አንግቶ በየደጃችን ቆሞ ቁራሽ የሚለምንበት ቃል ነው። መሪጌታም ከእስቴ ሲመጡ በዚሁ ቃል ነው በየደጁ ለምነው የተማሩት። በልጅ አፍ ሲሆን ያምራል፤ የትምህርት ልመና ነውና ውሻ ቢያሯሩጠው እንጂ ሰው አይንቀውም። ግን ሽማግሌ! ያ ሁሉ ተማሪ ያፈሩ መሪጌታ! ድምፃቸው እንደ ልጅ ቀጥኖ፣ የገዛ ተማሪዎቻቸው እያዩ!

«የለኝም» አሉ። «ሶፋው የሰው ነው። ላሚቱ የሰው ናት። ዶሮዋም የሰው ነበረች። ማሳዬን ውኃ ወስዶታል፤ ልጄን ማስተማር አልቻልኩም። ዓይኗን አላመማትም። እኔ ነኝ የዋሸሁ። ስለ እመቤታችን ብላችሁ፣ ልጄን አስተምሩልኝ።»

አበስኩ ገበርኩ! መሬት ተከፍታ በዋጠችኝ ያልኩት ያን ዕለት ነው። የዜማ ተማሪዎቹ ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዞሩ፤ ትንሹ በደበሎው ፊቱን ሸፍኖ ይንሰቀሰቃል። ወለተ ሐና ተነሥታ ወጣች፤ እየሮጠች ነው የወጣችው። ፈረንጁ ነገሩ ሲተረጎምለት ዓይኑ እንባ አቀረረና ማጨብጨብ ጀመረ። ብቻውን አጨበጨበ፣ ብቻውን ተወ። መሪጌታ ጥምጣማቸውን መልሰው ለመጠምጠም እጃቸው እምቢ አላቸው፤ ትሁን መጥታ ይዛቸው ተቀመጡ።

ከዚያ በኋላ ምን ቀረ? አንለይ ሳይጠራ ተነሣ። «እኔም የለኝም። ፍሪጁ የእህቴ ባል ንብረት ነው» አለ። ሁለተኛውም ተነሣ። ከኋላም ሴቶች ተነሡ፣ ማንም ያልጠየቃቸው። ሁሉም መሬት መሬት እያየ፣ እየቸኮለ፣ «የለኝም፣ የለኝም» ብሎ ይቀመጣል። ጎን ለጎን ኖረን አንዳችን የሌላችንን ሳናውቅ የቆየነውን ሁሉ በአንድ ቀን ሰማን። ስንወጣ ሁሉም በየፊናው ተበተነ።

ፕሮጀክቱ ለእኛ ከተማ ሆነ። እንዳልካቸው በደስታ ሱቄ እየሮጠ መጥቶ አቀፈኝ። አስተዳደሩ ቃሉን ጠበቀ፤ ቦታውን ሰጠ፣ የመፈልፈያ ባለቤቶቹን አስፈረመ። ወለተ ሐና ኮሌጅ ተመለሰች፤ ልምምዷም በባየህ መፈልፈያ ሆነ። ሰማያዊ ቱታዋን ለብሳ ስታልፍ እሰይ የኔ ልጅ እላታለሁ። ባየህ ራሱ «እንደሷ ያለ ጆሮ አላየሁም» ይላል። ይሄ ሁሉ እውነት ነው፤ ደስ ይላል።

መሪጌታን ግን ጠይቁኝ። ከዚያ ሰሞን ጀምሮ ሰው ሁሉ ይሰጣቸው ጀመር። ከቅዳሴ ሲወጡ አንዷ ዳቦ ትቋጥርላቸዋለች፤ አንዱ ያረጀ ኮት ይዞላቸው ይመጣል፤ «ያው እንደነገሩን ነው መቼም፣ ይያዙት» እያለ። ደግነት ነው። ማን ይሄን ክፋት ይለዋል? እሳቸውም ይቀበላሉ። በሁለት እጃቸው ተቀብለው ይመርቃሉ። እኔ ማየት አቃተኝና አንድ ቀን አጥሩ ላይ ቆሜ ተቆጣሁ።

«መሪጌታ፣ እርስዎ እኮ እንዲህ አልነበሩም። ምነው አንዴ እንኳ ተዉት፣ በቃኝ ቢሏቸው?»

ቀና ብለው አዩኝ። አልተቆጡም፤ ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር።

«አመሉ» አሉኝ ቀስ ብለው፣ «ያን ሁሉ ሰው ፊት የለኝም ብያለሁ። አሁን አለኝ ብዬ ብመልስ፣ ያን ጊዜ ዋሽቶ ነው ገንዘብ ያሰጣት አይሉም? አንዴ ሞልቷል ብዬ ልጄን ከትምህርት አስቀርቻታለሁ። እስክትጨርስ የሰጡኝን እቀበላለሁ።»

ገብቼ ሱቄን ዘጋሁ።

ባየህ ቅዳሜ ቅዳሜ ስባሪውን ሩዝ ለችግረኛ ያድላል፤ የቆየ ልማዱ ነው፣ እግዜር ይስጠው። ባለፈው ቅዳሜ እኔ ሩዜን ላስፈለፍል ይዤ ሄጄ ነበር። ደጁ ላይ ሰልፍ አለ፤ አሮጊቶች፣ ዓይነ ስውሩ ሰውዬ፣ ልጅ ያዘሉ እናቶች። መሪጌታ መሃላቸው ቆመዋል፣ ከረጢታቸውን አጣጥፈው ብብታቸው ሥር ይዘው። ባየህ እንደጠራቸው ሰምቻለሁ፤ እንዲህ ተሰልፈው መቆማቸውን ግን አልጠበቅሁም። ልዞር ስል ባየህ ከውስጥ ድምፁን ከፍ አድርጎ ተጣራ።

«ወለተ ሐና! ሞተሩን ለልጆቹ ተይና ስባሪውን አንቺ አድይልኝ፤ እጄ ተይዟል።»

ወጣች፣ ቱታዋ ላይ አቧራው ነጭ ሆኖ፣ ጣሳ ይዛ። ሰልፉን ቀና ብላ አላየችም፤ ከፊት ጀምራ እየሰፈረች፣ «ከረጢትዎን ይክፈቱ እማማ» እያለች መጣች። አባቷ ዘንድ ስትደርስ ጣሳው አየር ላይ ቆመ። እሳቸው በዚያ ቀን እሷ ታድላለች ብለው አላሰቡም ነበር፤ ፊታቸውን አይቼዋለሁ። ከሰልፉ ሊወጡ አንድ እግራቸውን አነሡ። ሰዉ ግን እያየ ነው፣ ባየህም በሩ ላይ ቆሞ ፈገግ ብሎ ያያል። እግራቸውን መለሱ። ከረጢታቸውን ዘረጉና አፉን ከፍተው ያዙላት።

ሰፈረችላቸው። ጣሳውን ከሌላው ሰው አላበለጠችም፣ አላጎደለችም።

«እግዜር ይስጥልኝ» አሉ መሪጌታ፣ ዓይናቸው ከረጢቱ ላይ።

«አብሮ ይስጠን» አለች ልጃቸው፣ ወደሚቀጥለውም ሰው ዞረች።